የበረኛው ጣት

ፀሐይ ገብታ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህች አንድ ነገር አትረሳ፤ ዓርብ ማታ ሴትዮዋ ስትመጣ ፀሐይ ገብታ ነበር።

አቅላሚው የመጨረሻውን ጋን በእንጨት ክዳን ከድኖ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኖ፣ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነ ክንዱን በአመድ እያሸ ይታጠባል። መታጠቡም ለወጉ ያህል ነው እንጂ ሃያ ዓመት ሙሉ የገባ ቀለም በአመድ አይለቅም። ጀምበር ከጠለቀች ወዲያ ከጋን ጨርቅ አያወጣም። ከዚያ ጋን የሚወጣ ጨርቅ መጀመሪያ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው እያዩት ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ያን መዞር በዓይኑ ያላየ አቅላሚ ስንት ጊዜ መልሶ መንከር እንዳለበት አያውቅምና፣ ብርሃን ሲሄድ ሥራውም ይሄዳል። ሚስቱ አዋላጅ ናት። የሸማኔው ምራት ምጥ ይዟት "ድረሽልን" ብለው ልከውባት፣ ከረጢቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ "ፀሐይ ገብታ እንዴት በጨለማ ልሂድ፣ በል መብራቱን ስጠኝ" ብላ ገና መውጣቷ ነበር።

በሩ ሲንኳኳ ሚስቱ መሰለችው። "ደግሞ ምን ረስተሽ ነው?" እያለ ከፈተ።

ከደጁ የቆመችው በትር የያዘች አሮጊት ናት። ራሷን የሸፈነችው በአሮጌ የመርከብ ሸራ ነው፤ እግሮቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጨርቁ ደም ይዟል።

"ሰላም ለዚህ ቤት" አለች። "ወንድሞች የሚሰበሰቡት እዚህ ነው ብለውኛል።"

"ማን ልበል፣ እናቴ?"

"የተላክሁ ነኝ።"

አቅላሚው ይህን ቃል ያውቀዋል። የተላከ ማለት ሐዋርያ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወንድሞች በየከተማው እየተደበቁ፣ እዚህ ሃያ እዚያ ሠላሳ ሆነው የሚሰበሰቡበት ዘመን ነበር። የዚህች ከተማ ጉባኤ ሠላሳ አንድ ነፍስ ነው፤ የሚሰበሰበውም ከማቅለሚያ ቤቱ ሰገነት ላይ። እውነቱን ለመናገር ጉባኤውን ከጸሎቱ እኩል የጠበቀው የጋኖቹ ሽታ ነው። ያ ሽታ ከሰባት በር በላይ ይሰማል፤ ወታደርም አፍንጫ አለውና ያለ ጉዳይ አይጠጋም።

ሐዋርያ ሲመጣ የጉባኤው አለቃ ከወንበሩ ይነሣል። ሐዋርያ ዲያቆን ይሾማል፣ አለቃ ይሽራል፣ የተዘጋበትን ይከፍታል፣ የተከፈተለትን ይዘጋበታል። እንዲህ ያለ ሥልጣን በእግሩ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሐሰተኛው መብዛቱ አይቀርም። አንዱ "የተላክሁ ነኝ" ባይ መጥቶ ወር ሙሉ ሲበላ ሲጠጣ ከረመና፣ አንድ ማለዳ የጸሎት ቤቱን የነሐስ መብራት ይዞ እልም አለ። ከዚያ ወዲህ አለቃው ሕግ ጻፈ። አለቃው በገበያ መሐል ተቀምጦ ለሰው አቤቱታ የሚጽፍ ጸሐፊ ነው፤ በጉባኤው ውስጥ ፊደል የሚለየውም እሱ ብቻ ነው። ሕጉ አጭር ነበር፦ ሁለት ቀን የቆየ ሐዋርያ ነው፤ ሦስተኛ ቀን የጨመረ ሐሰተኛ ነው። ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ስትገባ ነው። እንግዳው ሲገባ በረኛው ጣቱን ከጋኑ ነክሮ በበሩ መቃን ላይ አንድ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ፀሐይ በገባች ቁጥር አንድ ይጨምራል። በረኛው አቅላሚው ራሱ ነው። ወንድሞች ነገር ሲያከራክራቸው "የበረኛው ጣት አይዋሽም" እስኪሉ ድረስ ታምኖ ነበር።

"ይግቡ" አላት። ጣቱን ሊነክር የጋኑን ድንጋይ ወደ ማንሣቱ ሄደ። "ከየት ነው የመጡት?"

"ከመዳብ ጉድጓዱ።"

ድንጋዩን እንደያዘ ቀረ። የተያዙ ወንድሞች በሰንሰለት ታስረው መዳብ የሚቆፍሩት እዚያ ነው።

"የዲያቆኑ ወንድም አንተ ነህ፣ አይደል?" አለች፤ ደፉ ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጨርቅ እየፈታች። "ክንድህን ነግሮኛል። 'እንደ ሰማይ ነው፣ አትስቺውም' ብሎኛል።"

"በሕይወት አለ?"

"ዝናቡ ሲጀምር ዐረፈ። እጄ ላይ ነው ያረፈው። እኔ ሸራ ሰፊ ነበርኩ፤ ሁለት ዓመት አብሬው በሰንሰለት ነበርኩ። ጉልበቴ ሲያልቅ አውጥተው ጣሉኝ። እዚያ ያሉት ወንድሞች በሰንሰለት እንዳሉ እጃቸውን ጭነውብኝ ላኩኝ።" ቀና ብላ አየችው። "ወንድምህ አደራ ሰጥቶኛል። ለጉባኤው ነው፤ ከጉባኤውም ከሁሉ በፊት ላንተ።"

"ታዲያ ይንገሩኝ።"

"እዚህ አይሆንም። እሑድ፣ ሁሉም ባሉበት፣ በፊታቸው። አስምሎኛል።"

አቅላሚው ድንጋዩን መልሶ ጋኑ ላይ አስቀመጠው። በዚያ ማታ ምልክት አላደረገም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አቅላሚው ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራው ይህን ሰዓት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የመቶ አለቃው ወታደሮቹን አስከትሎ ማቅለሚያ ቤቱን ሲወርር ጉባኤው ተበትኖ ነበር፤ ያገኙት እሱን ብቻ ነው። ያን ቀን ቀይ ቀለም የሚፈላበት ገንዳ እሳት ላይ ነበር። የመቶ አለቃው የአቅላሚውን ክንድ ጨብጦ ከሚንተከተከው ገንዳ በላይ ዘረጋውና "አንድ ስም" አለው፤ "አንድ ብቻ።" አቅላሚውም ስም ተናገረ። እንፋሎቱ እንኳ ገና አላረጠበውም ነበር። ከእንቅልፉ የሚያባንነው ይህ ነው። ቆዳው ተገፎ፣ ጣቱ ተቀቅሎ ቢሆን ለራሱ የሚላት አንዲት ቃል ትኖረው ነበር። ክንዱ ላይ አንዲት ፀጉር አልጎደለችም።

የተናገረው የታናሽ ወንድሙን ስም ነው። ያንኑ የጉባኤውን ዲያቆን፣ የአንድ ማሕፀን ልጅ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ብሎ ነበር በልቡ። ማን እንደጠቆመ ግን ለማንም አልታወቀም። ጉባኤው ለዲያቆኑ ሲያለቅስ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው አቅላሚው ነበር፤ ልቅሶውም የውሸት አልነበረም። ወንድሙን አሳልፎ የሰጠ ሰው በጉባኤው ሕግ እስከ ዕለተ ሞቱ ከደጅ ይቆማል። እሳት አይሰጠውም፣ ውሃ አይቀዳለትም፤ ሚስቱ ጥላው ብትሄድ "ለምን?" የሚላት የለም። አቅላሚው ደግሞ ሚስቱን ይወዳል። ይህን ማለት ካስፈለገ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከሚስቱና ከሰገነቱ ላይ ጸሎት በቀር ምንም የለውም።

ቅዳሜ ሲነጋ አሮጊቷ ገና ተኝታለች። አቅላሚው ድንጋዩን አንሥቶ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ፣ ጣቱን ነከረና ወደ መቃኑ ሄደ። አንድ ምልክት አደረገ። ቆም አለ። ቀጥሎ ከጎኑ ሌላ አንድ አደረገ። ሁለቱም መጀመሪያ አረንጓዴ ነበሩ፤ እያያቸው ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የትኛው የእውነት፣ የትኛው የሐሰት እንደሆነ ራሱም መለየት አልቻለም።

ሚስቱ ረፋድ ላይ ደክሟት መጣች። "ወንድ ልጅ ነው፣ እንደ አባቱ ጯሂ" አለች እየሳቀች። እንግዳ መኖሩን ስትሰማ ድካሟን ረስታ ውሃ አሞቀች፤ የአሮጊቷን እግር አጠበች። አቅላሚው ጨርቅ እያሰጣ ሁለቱ በሹክሹክታ ሲያወሩ አየ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አየት አደረገችውና ፈገግ አለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ቢባልም፣ የአቅላሚው ሆድ ያባውን ያን ቀን ፈገግታ ሊያወጣው ተቃርቦ ነበር። "ምን አለችሽ?" አላት።

"ነገ ትሰማለህ። አትንገሪ ብላኛለች።"

ፀሐይ ስትገባ ወጥቶ ሦስተኛውን ምልክት አደረገ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወንድሞች አንድ በአንድ መጡ። አለቃው ሁልጊዜም ቀድሞ ይገባል። የሸምበቆ ብዕሩን ከጆሮው ጀርባ እንደሰካ ነው፤ ሥራና ጸሎት አይለያይበትም። ከመቃኑ አጠገብ ቆሞ ምልክቶቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው።

"ሦስት ናቸው" አለ። "የማን ናቸው?"

"የእንግዳዋ።"

"ሕጉን አልነገርካትም?"

"ነግሬያት ነበር" አለ አቅላሚው። አንድ ውሸት ብቻውን አያድርም፤ ጓደኛ ይጠራል።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ለመበለት አቤቱታ ሲጽፍ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ያቺን የተሰረቀች መብራት ባሰበ ቁጥር ፊቱ በኀፍረት የሚቀላ ሰው ነው። "ዳግመኛ በበጎቼ አይቀለድም" ብሎ ምሏል። ደግሞም ሰው ነውና፣ ከወንበሩ የሚያስነሣው ሰው በመጣ ቁጥር ጉልበቱ ትንሽ ይከብደዋል።

ሠላሳ አንዱም ሰገነቱ ላይ ሞሉ። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ። አሮጊቷ በበትሯ ተደግፋ መሐል ቆመች።

"ማን ላከሽ?" አለ አለቃው። አልተነሣላትም።

"በመዳብ ጉድጓዱ ያሉ አርባ ወንድሞች።"

"ደብዳቤ ይዘሻል?"

"ጉድጓድ ውስጥ ብራና የለም፣ አባቴ። ደብዳቤዬ ይህ ነው።" የቀሚሷን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገች። ሰንሰለት የበላው ሥጋ እንደ ጥፍር ጠንክሮ ነበር።

"እንዲህ ያለውን ጠባሳ ሌባም ይዞታል" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተሰማ።

"በሰንሰለት ያለ ሰው ሰው የመላክ ሥልጣን አለው ወይ?" አለ አለቃው። "ይህን ብንከራከርበት አናልቀውም። እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ዓርብ ገባሽ፣ ቅዳሜ ዋልሽ፣ እሑድም አለሽ። መቃኑ ላይ ሦስት አለ።"

"ዓርብ ፀሐይ ገብታ ነበር" አለች አሮጊቷ። ድምፅዋ አልተነሣም። ወደ አቅላሚው ዞረች፤ እንደ ተቀየመች ሳይሆን፣ የተሳሳተ ልጅ እንደሚያርሙ ነው ያየችው። "ልጄ፣ ታስታውሳለህ እኮ። ጋኑን ከድነህ ድንጋይ ጭነህበት ነበር።"

"ማንም ስለ ራሱ አይመሰክርም" አለ አለቃው። "በረኛ፣ አንተ ተናገር። ስትገባ ፀሐይ ነበረች ወይስ አልነበረችም?"

አቅላሚው ክንዱን አየ። ያን ጊዜ ከገንዳው በላይ ተዘርግቶ የነበረውን ያንኑ ክንድ። "ነበረች" አለ። "የመጨረሻውን ጨርቅ እያሰጣሁ ነበር።"

ከሴቶቹ መሐል ሚስቱ ብድግ አለች። "አባታችን..."

እሷ ዓርብ ማታ መብራት ይዛ ነው የወጣችው። ስትወጣ በቤት ውስጥ ከባሏ በቀር ሰው አልነበረም፤ መቃኑም ባዶ ነበር። ይህን አቅላሚው ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው።

"ተናገሪ" አላት አለቃው በለዘበ ቃል። "ነገር ግን አስበሽ ተናገሪ። በበሩ ላይ የዋሸ በጎችን ለተኩላ የሰጠ ነው፤ ቦታው ከደጅ ነው። ባልሽን ሐሰተኛ ልትይው ነው የተነሣሽው?"

ሚስቱ አየችው። እሱም አያት። ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ልመና መሆኑን ብቻ አወቀች። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጊዜ አልፈጀም። ሕጉ ስለ ሐሰተኛ ግልጽ ነው። ስንቅ አይሰጠውም፣ ጀርባ ይሰጠዋል፣ በረኛው እስከ ደፉ ያደርሰዋል። ሰላምታም የለውም። በጉባኤው ዘንድ ሰላምታ ማለት ኅብስቱ ሳይቆረስ በፊት ወንድም ወንድሙን ጉንጩን ስሞ "ሰላም ላንተ" የሚለው ነው፤ ከጉባኤ ውጭ አይሰጥም፣ ለሐሰተኛ አይሰጥም፣ ከሐሰተኛም አይወሰድም። ሠላሳው ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስትወርድ አንዱ የራሷን ሸራ ሳብ አድርጎ ገፈፋት፤ "በዚህ ነው ሌላውን የምታታልይው" አላት። ነጭ ፀጉሯ ተበተነ። ሌላው ከኋላዋ ምራቁን እንትፍ አለ። ትናንት የልጅ ልጅ የተወለደለት ሸማኔ ነው፤ ደስታ ያጠገበው ሰው እንዲህ ይጨክናል ብሎ ማን ይገምታል?

አቅላሚው ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። ከደፉ ላይ ስትደርስ ዞረችና እጇን ወደ ፊቱ ዘረጋች። አፏን ወደ ጉንጩ አስጠጋች። በጆሮው ልትናገር ነው፣ ወይም ጮኻ መንገደኛውን ልታሰማ ነው ብሎ ፈራ። ወደ ኋላ ገፍትሯት በሩን ወረወረው። በሩ አልገጠመም፤ መሐሉ ላይ የአሮጊቷ ጣቶች ነበሩ። ጩኸት አልሰማም። እንደገና ከፈት ሲያደርግ እጇን አወጣች፤ ከዚያ በደንብ ዘጋው።

አለቃው ከላይ ሆኖ "ቤታችን ረክሷል፤ እስከ ቀትር ጾመን እንጸልይ፣ ኅብስቱንም ያን ጊዜ እንቆርሳለን" ሲል ተሰማ። መዝሙር ተጀመረ።

ሚስቱ ወርዳ ከጋኖቹ መሐል አገኘችው።

"ለምን?" አለችው።

"ምን ላድርግ? ልታጠፋኝ ነው የመጣችው።"

"ማን? እሷ?" ሚስቱ ግራ ገባት። "አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? ባሌን ከማጣ ብዬ ዝም አልኩ፤ አንድ ምክንያት ቢኖርህ ነው ብዬ። የመጣችው ልትስምህ ነው እኮ!"

"ምን?"

"ወንድምህ ሊሞት ሲል ጉንጯን ስሞ 'ይህን ሰላምታ አድርሽልኝ፤ ለጉባኤው ሁሉ ነው፣ ከሁሉ በፊት ግን ወንድሜን፣ ሁሉ እያዩ' ብሏት ነው። ሌላ መልእክት የላትም። አሥራ ሰባት ቀን በዚያ እግሯ የተጓዘችው ለዚህ ነው። ትናንት ስትነግረኝ እንዴት ደስ ይለው ይሆን ብዬ አለቀስኩ።" ባሏን ትኩር ብላ አየችው። "ለምንድነው ታጠፋኛለች ያልከው?"

የውሃ ቅል አንሥቶ ሮጠ።

ከከተማው ውጭ፣ መንገዱ ወደ ደረቁ ወንዝ በሚወርድበት፣ ከአንድ ድንጋይ ጥግ ተቀምጣ አገኛት። ፀሐዩ ጠንክሯል። የተቀጠቀጡ ጣቶቿን ጉያዋ ውስጥ ይዛ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ውሃውን ሲሰጣት ጠጣች፤ ቅሉንም መለሰችለት።

ከፊቷ ተንበረከከ። "ስጡኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ሰላምታውን። ወንድሜ የላከልኝን።"

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። "በጉባኤ ፊት ነው ያለኝ። መንገድ ላይ የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ ልጄ፤ አንተም ታውቃለህ። ደግሞ እኔ ማን ነኝ? የተላክሁ ከሆንኩ ይዘኸኝ ተመለስና ፀሐይ ገብታ ነበር በላቸው። ሐሰተኛ ከሆንኩ ከኔ የምትወስደው ነገር የለም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን አልችልም።"

"ያውቅ ነበር?" አለ አቅላሚው።

"ምኑን?"

"ስሙን ማን እንደሰጠ።"

አሮጊቷ ዓይኗን ከፊቱ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ፊቱ መለሰች። አለማወቋ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ደግሞ እያየችው አወቀች።

"እንዲህ ነው ለካ" አለች በቀስታ። "'ከሁሉ በፊት እሱን፣ ሁሉም እያዩ' ሲለኝ ለምን ይሆን እያልኩ ነው የመጣሁት። ያውቅ ነበር፣ ልጄ። ያውቅ ነበርና ነው።"

አቅላሚው ግንባሩን አፈር ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አሮጊቷ ጨርሶ እንዲያለቅስ ጠበቀችው። ከዚያ "በል አዝለኝ" አለች። "እግሬ አይወስደኝም። ዛሬ እሑድ ነው፤ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው።"

አዘላት። እንደ ገለባ ቀላል ነበረች። መንገዱን ሁሉ ምን እንደሚል ለእሷ እየነገራት ሄደ፤ መጀመሪያ የምልክቱን፣ ቀጥሎ የገንዳውን፣ ቀጥሎ የስሙን። በጀርባው ትንፋሿን ይሰማል፤ አንዳንዴ ይቆያል፣ ከዚያ ደግሞ ይመጣል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደፋር ሆኖ አያውቅም። ከደጁ ሲደርስ ሚስቱ ደፉ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አሮጊቷን ከመቃኑ ሥር፣ ከሦስቱ ምልክቶች በታች አስቀመጣት።

"አጠጪያት" አላት ሚስቱን። "እኔ ቀድሜ ልንገራቸው። ከዚያ ወርጄ አወጣታለሁ።"

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ጸሎቱ አብቅቶ ነበር፤ ኅብስቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከአለቃው ፊት ተቀምጧል። ወንድሞች ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ፤ ፊታቸው ሁሉ ብሩህ ነው።

"እነሆ መጣ!" አለ አለቃው፤ ከወንበሩም ተነሣ። ለአሮጊቷ ያልተነሣው ሰው ለአቅላሚው ተነሣ። "ስለ አንተ ነበር የምንነጋገረው። ወንድምህ ከተወሰደብን ጀምሮ ዲያቆን የለንም። ማን ይተካው ብለን ሦስት ዓመት አመነታን፤ ዛሬ ግን ሁሉም ባንድ ቃል ያንተን ስም አነሡ። ቤታችንን ከተኩላ የጠበቅህ አንተ ነህ። የወንድምህ ቦታ ለወንድሙ ይገባል።"

"አባታችን፣ እኔ..."

"አውቃለሁ፣ 'አይገባኝም' ልትል ነው። ወንድምህም እንዲሁ ብሎ ነበር።"

እጁ በአቅላሚው ራስ ላይ ዐረፈ። ሞቃት እጅ ነበር፤ ቀለም የነካው የጸሐፊ እጅ። ጉልበቱ በራሱ ጊዜ ታጠፈ። ከጸሎቱ በኋላ እናገራለሁ አለ በልቡ። ጸሎቱ አለቀ፤ ግንባሩን ዘይት ተቀባ። አለቃው ጉንጩን ስሞ "ሰላም ላንተ" አለው። ከሰላምታው በኋላ እናገራለሁ አለ። ሸማኔው ሳመው። እንጨት ጠራቢው ሳመው። ያ ሸራውን የገፈፈው ሳመው። አንዱ ሲስም ሌላው ተራ ይጠብቃል፤ ጢማቸው ጉንጩን እያሻሸው፣ "ሰላም ላንተ፣ ሰላም ላንተ" እያሉ ሁሉም ሳሙት። ኅብስቱ ተቆረሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሌሎች እንዲያድል ለእሱ ሰጡት። ዲያቆኑ እሱ ነዋ። እጁ ሳይንቀጠቀጥ አደለ።

ሲወርድ ሚስቱ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። የአሮጊቷ ራስ ጭኗ ላይ ነው፤ ዓይኖቿ ተከድነዋል። የተቀጠቀጠው እጅ በሚስቱ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀዝቅዞ ነበር። ውሃው በቅሉ ውስጥ ሙሉ ነው።

ሚስቱ ቀና ብላ ግንባሩ ላይ የሚያብረቀርቀውን ዘይት አየች። ምን እንዳደረጉት መናገር አላስፈለገም፤ ምን እንዳልተናገረም እንዲሁ።

"ነግራኛለች" አለችው። "የገንዳውንም፣ የስሙንም። 'ልንገራቸው ብሎ ወጥቷል፣ ይወርዳል' ትል ነበር። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር።"

"ልናገር ነበር" አለ።

"ነበር" አለች ሚስቱ። እንባ አልነበራትም። "በመምጣትህ ተስፋ ስትቆርጥ እኔን ጎንበስ በይ አለችኝ፤ ሳመችኝ። 'አሁን የተላክሽው አንቺ ነሽ' አለችኝ። 'ሁሉ እያዩ ስጪው፤ መጀመሪያ ግን ይንገራቸው።'"

አቅላሚው እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። ራሷን ወደ ኋላ አደረገች።

"እኔን ስንት ቀን ብለህ ታስወጣኛለህ?" አለችው። "እኔ እዚሁ ነኝ። በየእሑዱ በግራ በኩል እቀመጣለሁ። ስትናገር እነሣና እስምሃለሁ። እስከዚያ ግን በቤትም በመንገድም ጉንጬን እንዳትነካ።"

የአሮጊቷን ራስ በቀስታ መሬት ላይ አሳርፋ፣ የተገፈፈውን ሸራ ከደረጃው ሥር አምጥታ ሸፈነቻት። ከላይ ወንድሞች የመጨረሻውን መዝሙር ጀምረዋል። እሷ ወደ ጋኑ ሄደች፤ ድንጋዩን አንሥታ ክዳኑን ገለጠችና ጣቷን ነከረች። ተመልሳ መጥታ፣ ከባሏ ሦስት ምልክቶች በታች፣ በመቃኑ ላይ አንድ ምልክት አደረገች። ምልክቱ መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር። ሁለቱም ቆመው ሰማያዊ እስኪሆን አዩት።